አያታችን ያልተናገሩትን ማን ይናገርላቸው?

ጥያቄ፦

የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። የእናቴ አባት አርመን ነበሩ። የከተማው ሰው በሙሉ «ሙሴ» ይላቸው ነበር፤ እኛ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ «አባባ»። በ1907 ዓ.ም. የኦቶማን መንግሥት አርመኖችን ከየቀያቸው ነቅሎ ወደ ሶርያ በረሃ ሲነዳ የስድስት ወይም የሰባት ዓመት ልጅ ነበሩ። ወላጆቻቸውን መንገድ ላይ አጡ፤ ሐለብ (አሌፖ) በሚገኝ የሙት ልጆች ማሳደጊያ አደጉ፤ ከዚያ አንድ አርመናዊ ልብስ ሰፊ ረዳት አድርጎ በጅቡቲ በኩል ወደ አገራችን ይዟቸው መጣ። በኋላ ደብረ ማርቆስ የራሳቸውን የስፌት ሱቅ ከፈቱ፣ የጎጃም ሴት አገቡ፣ አራት ልጆች ወለዱ። ኅዳር 6 ቀን 1979 ዓ.ም. አርፈው እዚሁ ማርቆስ ተቀበሩ። በቀብራቸው ዕለት አልቃሿ የገጠመችውን እስካሁን የሚያስታውስ ሰው አለ፦

የጥንቱ ሙሴማ ሕዝቡን አሻገረ፣
የእኛው ሙሴ ግን ብቻውን ነበረ።

አባባ ዝምተኛ ነበሩ። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትሩት በጽጌ ወቅት ብቻ ነው። ቀብር ሲኖር ከሬሳው ኋላ አይከተሉም፤ ቀድመው ሄደው መቃብሩ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። በዚህም ብዙ ተቀልዶባቸዋል። በአርመን ፊደል የተጻፈ አንድ ደብተር ትተውልናል፤ ማንበብ የሚችል ግን የለንም።

በመጪው ኅዳር አርባ ዓመት ስለሚሞላቸው ተዝካር ልናወጣ፣ የመቃብራቸውን ድንጋይ ልናድስ፣ አንዲት ትንሽ መጽሐፍም ልናሳትም ተስማምተናል። የተስማማነው ግን እስከዚህ ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ መጽሐፏን «ከአርባዎቹ ልጆች አንዱ ነበሩ» ብሎ ጀምሮ የበረሃውን ጉዞ ብቻ ሃያ ገጽ አድርሶታል። ከልጆቻቸው በሕይወት ያለችው የሰማንያ ሦስት ዓመቷ አክስቴ ብቻ ናት፤ እሷም «አባቴ አንድ ቀን ያልተናገረውን እናንተ ከየት አመጣችሁት?» ብላ ተቆጥታለች። አሜሪካ ያሉት ልጆቿ ደግሞ መታሰቢያው አርመኖች በየአገሩ በሚያስቡት በሚያዝያ 16 ይሁን ይላሉ። ከዕድርተኛው መካከል «ለፈረንጅም ተዝካር አለ እንዴ?» ያለ አልጠፋም። ለድግሱ የአባባ ባስተርማ (በቅመም የታሸ የደረቀ ሥጋ) ይኑር አይኑር የሚለው እንኳ አከራክሮናል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ፣ አንድ የጽጌ ሌሊት ከማኅሌት ስንመለስ፣ አባባ ታናሽ እህት እንደ ነበረቻቸው ነገሩኝ። በዚያ ጉዞ እጇን ይዘው ሲጎትቷት ሰንብተው፣ ከሐለብ በስተ ምሥራቅ ባለ መንደር የውኃ ጉድጓድ አጠገብ፣ ውኃ ላጠጣቻቸው ዐረብ ሴት ትተዋት ሄዱ። «ጣልኳት» ነው ያሉኝ። የእህታቸውንና የመንደሩን ስም ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ «ልጆቼ አይስሙ» አሉኝ። እስከ ዛሬ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። አሁን ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ልናገር ወይስ ይዤው ልሙት?

የሙሴ የልጅ ልጅ፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

ይከበሩ ጠያቂዬ፤ በደብዳቤዎ ካነሧቸው ጉዳዮች አብዛኞቹ ዘመድና ጎረቤት ተቀምጦ የሚከራከርባቸው ናቸው፤ የመጨረሻውን ግን ብቻዎን ነው የተሸከሙት። በቀላሎቹ እንጀምርና ወደ እሱ እንደርሳለን።

የዕድርተኛው ጥያቄ ረጅም መልስ አያሻውም። የአርመን ቤተ ክርስቲያን እንደ ግብጿ፣ እንደ ሶርያዋና እንደ ሕንዷ ከእኛዋ ጋር በሃይማኖት አንድ ናት፤ የኬልቄዶንን ጉባኤ ካልተቀበሉት ወገን ናት። በጥር 1957 ዓ.ም. የእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት አባቶች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ የአርመኖቹ ካቶሊኮስ (የበላይ ፓትርያርክ) ቫዝገን ቀዳማዊም ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ነበሩ። አርመኖችም የሟችን አርባኛ ቀን ያስባሉ። ጨው አስባርከው፣ በግ አርደው ለጎረቤትና ለድሃ የሚያበሉት ዝክርም አላቸው፤ እኛ ብናየው ግር የሚለን ነገር የለውም። ደግሞስ በ1979 ዓ.ም. ፈትተው የቀበሯቸው የማርቆስ ካህናት ነገሩን ያኔውኑ ጨርሰውት የለ? ጠያቂው ሰው በዕለቱ ከዳሱ ቀድመው ከሚገቡት አንዱ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ደህና አድርጋችሁ አብሉት።

ስለ ቀኑ። ሚያዝያ 16 ትልቅ ቀን መሆኑ አያከራክርም። በ1907 ዓ.ም. በዚያ ዕለት ሌሊት የኦቶማን ባለሥልጣናት በቁስጥንጥንያ የነበሩ የአርመን ምሁራንን፣ ጸሐፍትንና የሕዝብ መሪዎችን ከየቤታቸው ለቅመው ያዙ፤ የዕልቂቱም መታሰቢያ በዚያ ቀን የሆነው ለዚህ ነው። በ2007 ዓ.ም.፣ መቶኛው ዓመት ሲደርስ፣ የአርመን ቤተ ክርስቲያን በዋዜማው በዚያ ዘመን የተገደሉትን በሰማዕትነት ቅዱሳን ብላ ሰይማቸዋለች። ነገር ግን ይህ ቀን ለእኛ ድግስ የሚመች አይደለም። አንዳንድ ዓመት በዐቢይ ጾም፣ አንዳንድ ዓመት በሰሙነ ሕማማት፣ አንዳንድ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ይውላል፤ በ2019 ዓ.ም. የሚውለው በሆሣዕና ዋዜማ ነው። በዚያ ቀን ምን አርዳችሁ ማንን ልትጠሩ ነው? አሜሪካ ያሉት የአክስትዎ ልጆች በየከተማቸው ካሉ አርመኖች ጋር ሆነው ሻማቸውን ያብሩ። አባባ ያረፉበት ቀን ግን ኅዳር 6 ነው፤ በመጪው ዓመት እሑድ ይውላል፤ የነቢያት ጾም ሊገባ ገና ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። ቀኑ ደግሞ ቁስቋም ነው። እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብፅ መሰደዷ ከመስከረም 26 ጀምሮ በማኅሌት ሲዘከር ከርሞ የሚደመደምበት በዓል ነው። ዓመቱን ሙሉ ከቤተ ክርስቲያን የማይታዩ ሰው በጽጌ ብቻ ሌሊቱን ቆመው የሚያድሩት ምን ሊሰሙ እንደ ሆነ ለጎጃም ሰው አላብራራም። ቀኑን አትንኩት።

ወንድምዎን በተመለከተ ግን ጠንከር ማለቴ ነው።

«አርባዎቹ ልጆች» ተረት አይደሉም። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የአርመኖች ገዳም ከዕልቂቱ የተረፉ ሙት ልጆች የሙዚቃ ጓድ ሆነው ሲጫወቱ ሰሙ፤ ከገዳሙ ጋር ተስማምተውም አስመጧቸው። ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን የሕዝብ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ ግጥሙን የጻፈው ደግሞ የራሳችሁ አገር ሰው፣ የደብረ ኤልያሱ ዮፍታሔ ንጉሤ ነው። በዚያ ጉዞ ላይ የጎጃሙ ራስ ኃይሉም ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ለወንድምዎ ባይነግሩት ደስ ይለኛል፤ «ያመጧቸው ራስ ኃይሉ ናቸው» የሚል ሌላ ምዕራፍ እንዳይጨምር እሰጋለሁ።

የአባባ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገጥመው በምኑ ነው? አርባዎቹ ከኢየሩሳሌም ገዳም ወጡ፤ አባባ ከሐለብ። አርባዎቹ ጥሩምባና ከበሮ ይዘው መጡ፤ የአባባ እጅ የሚያውቀው መቀስና መርፌ ነው። አርባዎቹን ያስመጣቸው አልጋ ወራሹ ነው፤ አባባን ያመጣቸው ረዳት የፈለገ አንድ ልብስ ሰፊ። አርመኖች አገራችን መኖር የጀመሩት ከእነዚህ ልጆች በፊት ነው፤ በምኒልክ ዘመን ወርቅ የሚሠሩ፣ የሚነግዱ፣ ፎቶ የሚያነሡ አርመኖች ነበሩ። ከዕልቂቱ ወዲህም በየዘመዱና በየጌታው እጅ እየተሳቡ የመጡ ጥቂት አይደሉም። አባባ ከእነዚህ መሆናቸውን የነገራችሁት የራሳችሁ ቤት ታሪክ ነው። ወንድምዎ እርግጠኛ ነኝ ካለ አዲስ አበባ ያለው የአርመኖች ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ሩቁ አይደለም፤ ሄዶ ይጠይቅ። ሳይጠይቅ ግን አይጻፍ። ሰውየውን የማናውቀው ዝና አልብሰን ስናስቆማቸው፣ ማንም ንጉሥ ያልጠራው፣ ማንም ባንድ ያልተቀበለው፣ ሙያውን እየተማረ ጎጃም ድረስ የመጣው ያ ብላቴና ከመጽሐፉ ይወጣል። መጽሐፍ የሚገባው እኮ እሱ ነው።

በሃያው ገጽ የበረሃ ጉዞ ጉዳይ አክስትዎ ልክ ናቸው። ይህን ሳላለሳልስ ነው የምናገረው፤ ወንድምዎም ይህን ዓምድ ካነበበ ይስማው። የሆነውን ዓለም ያውቀዋል፦ የኢቲሃድና ተራቂ («አንድነትና ዕድገት») ማኅበር መሪዎች፣ እነ ታላት ፓሻ፣ መንግሥቱን በያዙበት ዘመን ወንዱ ብዙውን ጊዜ እየተለየ ተገደለ፣ ሴቱና ሕፃኑ በእግሩ ወደ ሐለብ፣ ከዚያም በሶርያ በረሃ ወዳለው ዴር ኤዝ ዞር ተነዳ። በመንገድ በረሃብ፣ በውኃ ጥምና በበሽታ ያለቀው አለቀ፤ እስከ 1.5 ሚሊዮን የሚደርስ ሕዝብ ጠፋ። ይህ በሁለት ገጽ ይጻፍ፤ ታሪክ መሆኑም ይነገር። ገዳዩም በትክክል ይጠራ፤ «ቱርክ» ተብሎ ሕዝብ በጅምላ ከሚከሰስ ያ መንግሥትና እነዚያ ሰዎች በስማቸው ይጠሩ። ወንድምዎ ግን «አባባ እናታቸው ስትወድቅ አይተው እንዲህ አሉ» ብሎ ሲጽፍ ማን ሲሉ ሰማ? ለሰባ ዓመት አፋቸውን ዘግተው ለያዙት ነገር አሁን ቃል ልናበጅላቸው ምን ሥልጣን አለን?

እናንተ ያያችሁት አለ፤ መጽሐፉ ከዚያ ይጀምር። ከሬሳ ኋላ የማይከተሉ ሰው! በደብረ ማርቆስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጎረቤት ያኮርፋል፣ ዕድር ይቀጣል። እሳቸው ግን ቀድመው እየሄዱ መቃብሩ ዳር ይቆማሉ። ሰው በሰልፍ ሆኖ በዝግታ ሲሄድ፣ ሴቶች ሲያለቅሱ፣ ሕፃናት ሲጎተቱ ማየት የማይችሉበት ምክንያት እንደ ነበራቸው አሁን እርስዎ ያውቃሉ። ያኔ የቀለዱት አላወቁም፤ ባያውቁም አይፈረድባቸውም። ግን ልብ ይበሉ፦ ከቀብሩ አልቀሩም። መከተሉን ነው እንጂ መገኘቱን አልተዉም። ይህን አንድ ነገር እንዳያችሁት ብትጽፉት የወንድምዎን ሃያ ገጽ ይመዝናል።

እንዲህ ያለው ነገር ደግሞ ብዙ እንደሚሆን አልጠራጠርም፤ አክስትዎም ስለዚህ ሲጠየቁ አይቆጡም። ጣሊያን ሲገባ ሱቁን ምን አደረጉት? መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ አባባ የት ቆሙ? አክስትዎ ያኔ ባይወለዱም ከእናታቸው የሰሙት ይኖራል። በደርግ ዘመን ቀበሌው ለአብዮት በዓል ሰልፍ ሲያስወጣ ምን ሰበብ ይፈጥሩ ነበር? መለኪያውን ይዘው ወገብ ሲለኩ በየትኛው ቋንቋ ነበር የሚቆጥሩት? ሲቆጡስ? ዱቤ ለማን ሰጡ፣ ለማን ነፈጉ? የካህን ካባ ሲሰፉ ዋጋ ይቀንሱ ነበር ወይስ ይጨምሩ? እነዚህን ይጠይቁ፣ ቡና አፍልተው፣ ስልክዎ ላይ እየቀዱ። አንዱን ጥያቄ አንሥተው ዝም ይበሉ፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሰው ሲናገር መሀል አይገባም።

ደብተሩን በተመለከተ አንድ የምነግርዎ አለ። አርመንኛ የሚያነብ ሰው ፈልጋችሁ «ፊደሉን አነባለሁ፣ የሚለው ግን አይገባኝም» ቢላችሁ አትደንግጡ። ከአዳና፣ ከማራሽ፣ ከአይንታብና ከመሳሰለው አገር የመጡ ብዙ አርመኖች በቤታቸው የሚናገሩት ቱርክኛ ነበር፤ ሲጽፉትም በአርመን ፊደል ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ከሚያውቅ ሰው ዘንድ መድረስ ሊኖርባችሁ ይችላል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ገጽ፣ ባዶው ሳይቀር፣ በቀን ብርሃን ፎቶ ይነሣ፤ ለማንም የሚላከው ፎቶው ነው፤ ዋናው ደብተር ከቤት አይወጣም። ደግሞ ብዙ አትጠብቁ። የዱቤ መዝገብ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቢሆንስ? የግማሹ ደብረ ማርቆስ አባቶች የሱሪ ልክ በእጃችሁ አለ ማለት ነው፤ ለአንዳንዶቹ ልጆች ያልተከፈለውን ዕዳ ጭምር ማሳየት ይቻላል።

አሁን ወደ እህታቸው።

የሟች ቃል በእናንተ ዘንድ ምን ያህል እንደሚከብድ ስለማውቅ «ዘመኑ አልፏል፣ ይናገሩት» ብዬ አልገላገልዎትም። ይልቁንስ ያሉዎትን መልሰን እንስማ። አባባ በዚያ ሌሊት የሰጡዎት አደራ ሁለት ነው። «ልጆቼ አይስሙ» አንዱ ነው። ስሟንና መንደሯን ሦስት ጊዜ ማስደገማቸው ሁለተኛው ነው። ነገሩ አብሯቸው እንዲቀበር ቢፈልጉ ኖሮ የአንድ ሶርያ መንደር ስም ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ባላስጠኑ ነበር። ምጥን አድርገው፣ ሰው መርጠው፣ ሌሊት መርጠው ነው ያስቀመጡት። እስካሁን ሁለቱ አደራዎች አልተጋጩም፤ እርስዎ ዝም አሉ፣ ስሙም በእርስዎ ውስጥ ኖረ። አሁን እርስዎም ወደ ስድሳ እየተጠጉ ነው። ዝምታው ከቀጠለ ሁለተኛው አደራ ይፈርሳል።

ስለዚህ ይህን ጋዜጣ አጥፈው ከማስቀመጥዎ በፊት ስሟን ይጻፉት። በአማርኛ ፊደል፣ አባባ እንደ ጠሩት አድርገው፣ ለማሳመር ሳይሞክሩ። የመንደሩን ስም፣ ማን እንደ ነገረዎ፣ መቼ እንደ ነገረዎ ይጨምሩበት። ከተረሳ ደግሞ «ይህ ተረስቶኛል» ብለው ይጻፉ። አሽገው ያስቀምጡት፤ ከልጆችዎ ለአንዱ የት እንዳለ ብቻ ይንገሩት።

ቀጥሎ ካህኑ አሉ። ለተዝካሩ ፍትሐት የቤተሰቡ ሟቾች ስም ተጽፎ ሲሰጥ የእሷንም ከመሀል ያስገቡት። በማን እጅ ብታድግ፣ በምን ስም ብትጠራ፣ በሕፃንነቷ በአርመን ሥርዓት የተጠመቀች ናት። ዛሬ በሕይወት ብትኖር ከመቶ አሥር ዓመት በላይ ይሆናት ነበርና ከሙታን ጋር መቁጠር ድፍረት አይሆንም። የንስሐ አባትዎ ከጠየቁ ለእሳቸው ይንገሩ፤ ለዚያ ነው ያሉት። ሌላው ሰው ከዝርዝሩ መሀል አንድ እንግዳ ስም ቢሰማ የአርመን ስም ነው ብሎ ያልፈዋል። የአባባ ልጆችም ታሪኩን አልሰሙም፤ እህታቸው ግን ተጠራች።

አክስትዎ ጋር ለመነጋገር አስቀድመው ምንም አይግለጹ፤ አንዲት ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ፦ «አባባ እህት እንደ ነበራቸው ነግረውሽ ያውቃሉ?» በስልክ አይሆንም፤ ወንድምዎ ባለበትም አይሆንም። ስንት አባት በሌሊት ሲጮህ ልጁ ሰምቶ ጠዋት ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ቁርስ በልቷል። አክስትዎ ምናልባት ከእርስዎ የበለጠ ያውቁ ይሆናል፤ የተቆጡትም ለዚሁ ይሆናል። «አዎ» ካሉ አደራው ቀድሞውኑ ሰፍቷል፤ አብራችሁ አልቅሱ፣ ከዚያ ስለ መጽሐፉ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። «አላውቅም፣ ንገሪኝ» ካሉ፣ ከአባታቸው ቃልና ከልጅ ጥያቄ የቱ እንደሚበልጥ የሚመዝኑት እርስዎ ነዎት፤ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምነግራቸው ይመስለኛል፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሴት ስለ አባቷ ለመስማት ትንሽ ናት አይባልም። «አላውቅም» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ከተሻገሩ ግን እርስዎም ይሻገሩ። ያ መልስ ነው። ታሪኩም አክስትዎ በሕይወት እስካሉ ከመጽሐፉ ይቅር።

ፍለጋው ሌላ ነገር ነው። በዚያ ዘመን ዐረቦች፣ ኩርዶችና ቱርኮች ቤታቸው አስገብተው ያሳደጓቸው፣ አንዳንዴም በግድ የወሰዷቸው ሕፃናት ብዙ ሺህ ነበሩ። ዛሬ በሶርያም በቱርክም «አያታችን አርመን ነበረች» የሚሉ የልጅ ልጆች አሉ፤ ዘመድ የሚፈልጉም አሉ። በዬሬቫን ያለው የዕልቂቱ ቤተ መዘክርና የምርምር ተቋም የተረፉትን ሰዎች ታሪክ ያሰባስባል። ሦስት ጊዜ የተደገመው የመንደር ስም አንድ ቀን እዚያ ሊያስፈልግ ይችላል። ግን ይህ የሚቸኩል አይደለም፤ መንገዱም፣ አገሩም፣ አክስትዎም እስኪረጋጉ ይቆይ። የተጻፈ ነገር ይጠብቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ለእርስዎ። አባባ «ጣልኳት» አሉ፤ እርስዎም ቃሉን እንደ ሰሙት ተሸክመውታል። ከዚያ ጉድጓድ ወደ ፊት ያለው መንገድ ለብዙው ወደ ዴር ኤዝ ዞር ነበር፤ እስከዚያ ድረስ በሕይወት ከደረሱት አብዛኞቹ በ1908 ዓ.ም. ክረምት በዚያው አካባቢ ታረዱ። የስድስት ዓመት ልጅ እህቱን ውኃ ላላት ሴት ሰጠ። ልጅ ካሳደጉ የስድስት ዓመት ልጅ ምን ያህል እንደሚሆን ያውቃሉ። በሕይወት የመቆየት ዕድል ከሁለቱ ለማን ይበልጥ እንደ ነበር ራስዎ ያመዛዝኑ። አባባ ይህን ለራሳቸው ሊሉት ያልቻሉት ነው፤ ሌላ ሰው ግን ሊለው ይችላል።

የመቃብሩ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው ያነሰ ቢሆን እመርጣለሁ። ስማቸው በአርመን ፊደልም በአማርኛም፤ ከሥሩ ሰው የሚያውቃቸው በምን እንደ ሆነ፣ «ሙሴ፣ ልብስ ሰፊ»። በመኖሪያ ፈቃዳቸው ላይ ያለውን የልደት ቀን አትቅረጹት። ወላጅ ለሌለው ልጅ ቀን የሚሰጠው ብዙ ጊዜ የማሳደጊያው ጸሐፊ ነበር። «በ1901 ዓ.ም. ገደማ» ይበቃል። የአልቃሿ ግጥም ደግሞ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን መጽሐፏ ላይ ይሁን፤ አልቃሿን የሚያውቅ ካለም ስሟ አብሮ ይጻፍ፤ የገጠመችው እሷ ናትና።

ባስተርማው ይኑር እንጂ! በአብሽ፣ በነጭ ሽንኩርትና በበርበሬ የታሸ ሥጋ ቋንጣ ለሚያውቅ ሕዝብ ምኑ ነው እንግዳ? ችግሩ ቀኑ ነው፦ እንደ ቋንጣ በአጭር ጊዜ አይደርስም። ጨው ውስጥ ይሰነብታል፣ ይታጠባል፣ በከባድ ድንጋይ ይጫናል፣ ከተቀባ በኋላም ነፋስ ባለበት ለብዙ ቀን ይሰቀላል። ክረምቱ ሳይወጣ ብትሰቅሉት ደግሞ ይሻግታል። ስለዚህ ሥጋው መስከረም ውስጥ ተገዝቶ፣ ጥቅምት እንደ ገባ ይሰቀል። አሠራሩን ከአባባ እጅ ያዩት አክስትዎ ስለሆኑ፣ አብሹን ማን ይፍጨው ማን ይቀባው እሳቸው ይዘዙ።